የግብጽ በረሓ ሐውልቶችና የጕብኝታቸው ወራት

በላይኛው ግብጽና በኑብያ ምድረ በዳ የቆሙትን ጥንታውያን ሐውልቶች ለማየት ለሚነሣ መንገደኛ የሚሰጠው ምክር ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ኖሯል፤ ይኸውም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሂዱ፥ በማለዳም ይነሡ የሚል ነው። ምክሩ ለሰው ገላ የሚስማማ ስለ መሆኑ ክርክር የለም። በአስዋን ከተማ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በጥር ግን ወደ 23 ዲግሪ ዝቅ ይላል፥ ሌሊቱም ወፍራም ልብስ ያስፈልገዋል። ዝናም ከዓመት እስከ ዓመት የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህን ምክር የወለደው ሙቀት ብቻ አይደለም። የወንዝ ሙላት፥ የነፋስ አቅጣጫ፥ በኋላም የግድብ በር ተባብረው ወስነውታል፤ እርሱም በተራው ጎብኚዎች ያዩትንና የጻፉትን ወስኗል። ስለዚህ ስለ ግብጽ ሐውልቶች የተጻፈውን የሚመረምር ሰው፥ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ጻፈ ሲጠይቅ፥ በየትኛው ወር እንደ ደረሰም አብሮ መጠየቅ ይገባዋል።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። የአውሮፓ መጻሕፍት የጕብኝቱን ጊዜ «ክረምት» ይሉታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቃሉን እንዳለ ከተቀበለው ነገሩ ሁሉ ይገለበጥበታል፤ የእነርሱ ክረምት የሚውለው በኢትዮጵያ በጋ ነውና። በሉቅሶር በ1907 የተከፈተው ዝነኛ ሆቴል «ዊንተር ፓላስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የክረምት ቤተ መንግሥት ማለት ነው፥ እንግዶቹ የሚጎርፉበት ጊዜ ግን በኢትዮጵያ ደጋ እህል ታጭዶ የሚወቃበት ወራት ነው። ከዚህ የተነሣ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን፥ ወራቱ ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሰጥተዋል። ይህም ለአንባቢ ምቾት ብቻ የተደረገ አይደለም። አስዋን ላይ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ ከመቶው 85 ያህሉ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋ ስለ ሆነ፥ የግብጽ ሐውልቶች የጕብኝት ወራት እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የኢትዮጵያ ክረምትና በጋ ወደ ሰሜን ወርዶ የታየበት ነበር።

በደጋው ላይ ዝናሙ ሲበረታ የጥቁር ዓባይና የአትባራ ውኃ ያድጋል፤ ሙላቱ በሰኔ ማለቂያ ገደማ አስዋን ይደርስና በነሐሴ ማለቂያና በመስከረም መጀመሪያ ከፍተኛ መጠኑን ይይዛል፥ በጥቅምትና በኅዳርም እየጎደለ ይሄዳል። ጥንታውያን ግብጻውያን ዓመታቸውን በአራት አራት ወር በሦስት ሲከፍሉ የመጀመሪያውን ክፍል የሰየሙት በዚህ ሙላት ነበር። የሐውልቶቹም የሥራ ወራት ይኸው ነበር። በ2013 በቀይ ባሕር ዳር በዋዲ አል ጀርፍ የፈረንሳዩ ሊቅ ፒየር ታሌ ካገኛቸው የፓፒሩስ ጽሑፎች መካከል የሜረር የሚባል የጀልባ ሠራተኞች አለቃ የቀን መዝገብ ይገኛል፤ ይህ ሰው በኩፉ መንግሥት መጨረሻ ዓመታት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ26ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከቱራ የድንጋይ መቍረጫ ነጭ ድንጋይ እያስጫነ ወደ ጊዛ ያመላልስ ነበር። ጉዞው የተደረገው ሙላቱ ቦዮቹንና ሜዳውን ሞልቶ ጀልባ ወደ ፒራሚዱ ግርጌ በሚቀርብበት ወራት ነው። እንግዲህ ሠሪዎቹ ሐውልቶቹን በውኃ መካከል ሠሯቸው፤ ጎብኚዎቹ ግን ውኃው ከሸሸ በኋላ በደረቅ መሬት ላይ አዩአቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ዛሬ በበረሓ ዳር ብቻውን የቆመ የሚመስለው ቤተ መቅደስ ብዙ ጊዜ ወደብ የነበረው ሕንጻ ነው።

ይህን ያየ የውጭ ሰው ቢኖር ሄሮዶቱስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ግብጽ በጻፈው መጽሐፍ፥ ዓባይ አገሩን ሲሸፍን ከውኃው በላይ የሚታዩት ከተሞች ብቻ እንደ ሆኑ፥ በግሪክ ባሕር ውስጥ ያሉትን ደሴቶች እንደሚመስሉ፥ ከናውክራጥስ ወደ ሜምፊስ የሚሄድ ጀልባም የወንዙን መንገድ ትቶ በፒራሚዶቹ አጠገብ እንደሚያልፍ ይናገራል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሊቃውንት በግብጽ የቆየው በሙላቱ ወራት ነው ይላሉ። ከእርሱ በኋላ የመጡት የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል እንደ ተረት የቈጠሩበት ጊዜ ቢኖር አያስደንቅም፤ እነርሱ በጥር ወር መጥተው በስንዴ ማሳ መካከል በአህያ ወደ ፒራሚዶቹ ይሄዱ ነበርና። ሄሮዶቱስ የሙላቱን ምክንያት ግን አላወቀም። ስትራቦን ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ሲጽፍ ሙላቱ ከግብጽ በላይ ባለው አገር ከሚዘንበው የበጋቸው ዝናም መሆኑን እንደ ታወቀ ነገር ያስቀምጠዋል።

ስለ ጕብኝት ወርና ሰዓት ከጥንት ከተረፉት ምስክሮች ሁሉ የሚበልጠው በሉቅሶር ማዶ በምዕራቡ ዳር ይገኛል። ሣልሳዊ አሜንሆቴፕ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት በቤተ መቅደሱ ደጅ ያቆማቸው ሁለት የተቀመጡ ምስሎች፥ ቁመታቸው 18 ሜትር ያህል ሆኖ፥ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ብቻቸውን ቀርተዋል። ሰሜናዊው ምስል በመሬት መናወጥ ከወገቡ በላይ ከወደቀ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ድምፅ ይሰማበት ጀመር። ግሪኮችና ሮማውያን ምስሉን ሜምኖን ብለው ጠሩት። ሜምኖን በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያውያን ንጉሥና የንጋት ልጅ ነው፤ ድምፁም ለእናቱ በየማለዳው የሚሰጠው ሰላምታ ነው ተባለ። ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የሚታመነው ምክንያት በተሰነጠቀው ድንጋይ ውስጥ ያደረ እርጥበት በድንገተኛው የፀሐይ ሙቀት ሲተን ድንጋዩ ይጮኽ ነበር የሚለው ነው። ስትራቦን ራሱ በቀኑ የመጀመሪያ ሰዓት ላይ ድምፁን ሰምቷል፤ ሆኖም ከድንጋዩ ይሁን ወይም በዙሪያው ከቆሙት ሰዎች ከአንዱ አላውቅም ብሎ በጥንቃቄ አልፎታል።

በዚህ ምስል እግርና መቀመጫ ላይ ከመቶ በላይ የግሪክና የላቲን ጽሑፎች ተቀርጸዋል። የአገር ገዦች፥ የጦር አለቆች፥ ባለ ቅኔዎችም ስማቸውን ካስቀረጹ በኋላ ብዙዎቹ የሰሙበትን ቀንና ሰዓት ይጨምራሉ። ሰዓቱ የሚቈጠረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ስለ ሆነ፥ «በመጀመሪያው ሰዓት» የሚለውን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያለ ማስታወሻ ያስተውለዋል፤ የአውሮፓ ተርጓሚ ግን በግርጌ ማብራራት አለበት። ወራቱም እንዲሁ ናቸው። ቄሣር ሀድርያኖስ ከሚስቱ ከሳቢና ጋር በ130 ወደዚህ ስፍራ በመጣ ጊዜ አብራ የነበረችው ባለ ቅኔ ዩልያ ባልቢላ አራት ግጥሞች በምስሉ እግር ላይ አስቀርጻለች። በአንደኛው ላይ የተጻፈው ቀን ሃቱር 24 እና 25 ነው። ሃቱር ማለት ኅዳር ነው፤ የእስክንድርያና የኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ስለ ሆነም ቀኑ ሳይቀነስና ሳይጨመር ኅዳር 24 እና 25 ይሆናል። እንግዲህ የሮማው ቄሣር የመረጠው ወር ዛሬም የጕብኝቱ ወራት መክፈቻ የሆነው ወር ነው። ሜምኖን ግን ለታላላቅ እንግዶቹ በመጀመሪያው ማለዳ ዝም አለ፤ ባልቢላም እቴጌይቱ ዳግመኛ እንድትመለስ ብሎ ነው በማለት ዝምታውን በቤተ መንግሥት ጨዋነት ተርጕማዋለች። በ2ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ የወደቀው ክፍል በድንጋይ ተጠግኖ ተነሣ፥ ድምፁም ጠፋ። ጥገናው ብዙ ጊዜ ለቄሣር ሴፕቲሞስ ሴዌሮስ ይሰጣል፤ ይህን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ግን የለም።

የቅብጥ ወራት ስሞች ከግብጽ ገበሬ አፍ እስካሁን አልጠፉም። ለመንግሥትና ለሃይማኖት የእስልምናና የአውሮፓ ወራት ቢኖሩም፥ ለእርሻና ለአየር ጠባይ የሚነገሩት ሃቱር፥ ኪያህክ፥ ጡባ፥ አምሺርና ባራምሃት ናቸው፤ እነዚህም ኅዳር፥ ታኅሣሥ፥ ጥር፥ የካቲትና መጋቢት ናቸው። ጡባ በብርዱ፥ አምሺር በነፋሱ ይታወቃሉ። ከዚያ በኋላ ከደቡብ ምድረ በዳ አሸዋና ትኵሳት ይዞ የሚመጣው ነፋስ ኀምሲን ይባላል፤ ቃሉ ኀምሳ ማለት ሲሆን በልማድ ከፋሲካ እስከ በዓለ ኀምሳ ያለውን ጊዜ ያመለክታል። የመንገደኞች መጽሐፍ «ከመጋቢት በፊት ይመለሱ» የሚለውን ምክር ከራሱ ያመነጨ ቢመስልም፥ ምክሩ በአገሬው ዘንድ በስም በስሙ ተለይቶ የቈየ ዕውቀት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መንገደኞች ሲበዙ ይህ ዕውቀት የጉዞ ሕግ ሆነ። ጉዞው በሸራ ጀልባ ነበር፤ ዳሃቢያ ይባላል። ወንዙ ወደ ሰሜን ይፈሳል፥ ነፋሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ይነፍሳል፤ ስለዚህ ሲወጡ በሸራ፥ ሲመለሱ በውኃው ኀይልና በመቅዘፊያ ነው። ጀልባ ነጂዎች ነፋስ ሳለ መቆም አይወዱም፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ሐውልቶቹን ሲመለሱ ማየት ደንብ ሆነ። ሻምፖልዮን እንኳ በ1828 በነሐሴ እስክንድርያ ከገባ በኋላ በታኅሣሥ ዋዲ ሐልፋ ደርሶ ዋና ሥራውን የሠራው በመመለሻው ነው። መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል፤ ከየካቲት በኋላ ውኃው ስለሚጎድል ጀልባዎች በአሸዋ ላይ ይቀመጡ ነበር። እንግሊዛዊቱ ጸሐፊ አሚልያ ኤድዋርድስ በ1873 በታኅሣሥ መጀመሪያ ከካይሮ ተነሥታ በጥር ማለቂያ አቡ ሲምበል ደረሰች፤ በዚያም አሥራ ስምንት ቀን ቈይታ በየማለዳው የሁለተኛው ራምሴስ ምስሎች ፊት በፀሐይ ሲበራ ለማየት ትነሣ ነበር። ይህ ጉዞ የወለደው መጽሐፍ በ1877 ታተመ፤ እርስዋም በ1882 የግብጽን ጥንታዊ ሥራ ለመመርመር በለንደን ከተቋቋመው ማኅበር መሥራቾች አንዷ ሆነች።

ይህን ደንብ የጣሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ጣልያናዊውን ጆቫኒ ቤልዞኒን ማየት ይበቃል። የአቡ ሲምበልን ታላቅ ቤተ መቅደስ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ቡርክሃርት በ1813 በመጋቢት ባየው ጊዜ በአሸዋ ተቀብሮ ነበር። ቤልዞኒ አሸዋውን አስወግዶ በሩን ያገኘው በ1817 በሐምሌ ማለቂያ ነው፤ ከዓመቱ ሁሉ ትኵሱ ጊዜ መሆኑ ነው። በሕንጻው ውስጥ የነበረውን ሙቀት ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ጋር ያመሳስለዋል፤ ሥዕል ሲነሣ ከእጁ የሚወርደው ላብ ወረቀቱን ያበላሽበት ነበር። ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተሠራው ሕንጻ የመጀመሪያ ሥዕሎች ጐድለው የተገኙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ላብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከቶማስ ኩክ የ1869 የመጀመሪያ የግብጽ ጉዞ በኋላ የእንፋሎት መርከብ፥ በ1898 ደግሞ እስከ ሉቅሶር የደረሰው ባቡር ጉዞውን አሳጠሩት፤ ወራቱ ግን አልተለወጠም። እንዲያውም ጠነከረ፥ ተመራማሪዎችንም እስከ መግዛት ደረሰ። ሃዋርድ ካርተር በነገሥታት ሸለቆ ከስድስተኛው ራምሴስ መቃብር በታች ያለውን ስፍራ ሳይቈፍር ያቈየው፥ ቍፋሮው ወደዚያ መቃብር የሚወስደውን መንገድ በጎብኚዎች ላይ ስለሚዘጋ ነበር። በ1922 ግን ጎብኚዎች ሳይበዙ ለመጨረስ በጥቅምት ማለቂያ ጀመረ፤ በጥቅምት 25 ቀንም ወደ ቱታንክአሙን መቃብር የሚወርደው ደረጃ የመጀመሪያው እርከን ተገኘ። የተቀረጹ ጽሑፎችን የሚገለብጡ ሊቃውንትም ዓመታቸው ይኸው ነው፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1924 በሉቅሶር ያቋቋመው የጽሑፍ ምርመራ ቤት የሚሠራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ሰዓቱም ለእነርሱ ከጎብኚው ይልቅ ያስፈልጋቸዋል። በድንጋይ ላይ የተቀረጸ መስመር ጥላ ካልጣለ አይነበብም፤ በቀትር ባዶ ግድግዳ የሚመስለው ፀሐይ ዝቅ ስትል ፊደል ሞልቶት ይገኛል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ የማለዳ፥ ወደ ምዕራብ የዞረ የማታ ሥራ ነው።

የተፈጥሮ ወራት በሰው ሥራ እንዴት እንደ ተገለበጠ የሚያሳየው ግን በአስዋን አጠገብ የነበረው የፊላይ ደሴት ነው። እንግሊዞች በ1902 የጨረሱት ግድብ በ1912 እና በ1933 ገደማ ሁለት ጊዜ ከፍ ተደርጓል። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ የኢትዮጵያ ደለል የተሸከመው ሙላት ሲደርስ ደለሉ እንዳይከማች የግድቡ በሮች ይከፈታሉ፤ ውኃው ሲጠራ በኅዳር ገደማ ተዘግተው ለእርሻ የሚሆነው ይጠራቀማል። በዚህ ምክንያት የኢሲስ ቤተ መቅደስ በመልካሙ የጕብኝት ወራት ውኃ ውስጥ ይገባና የአየሩ ትኵሳት ማንንም በማያስጠጋበት በነሐሴና በመስከረም ይገለጣል። በ1909 ስለዚህ ጥፋት መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ፒየር ሎቲና እንደ እርሱ ያሉት ጎብኚዎች በዓምዶቹ መካከል በጀልባ ተመላለሱ። ብዙዎች ትዕይንቱን ውብ ብለውታል። የውበቱ ዋጋ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል የቈየው የዓምዶቹ ቀለም ነበር፤ በውኃ ታጥቦ ጠፋ። ወለሉን መርገጥ የፈለገ ሊቅ የሐምሌን ፀሐይ መቻል ነበረበት።

ከሕንጻው ይልቅ ግን በዚያ ያሉ ሰዎች ነገር ይከብዳል። ግድቡ ሲዘጋ ከአስዋን በላይ የኑብያውያን የወንዝ ዳር መሬትና የተምር ዛፍ ይሰጥም ነበር፤ ቤታቸውንም ከአንድም ሁለት ጊዜ ወደ ዓለታማው ተረተር ከፍ አድርገው ሠሩ። ብዙ ወንዶች ለሥራ ወደ ካይሮና ወደ እስክንድርያ ወረዱ። በበጋ በመርከብ ያለፈ ጎብኚ ያየው እርሻ የሌለው፥ ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ብቻ የተቀመጡበት በውኃ ላይ የተንጠለጠለ መንደር ነው፤ ይህንንም የአገሩ የጥንት ጠባይ አድርጎ ጻፈው። በሩ ተከፍቶ ውኃው ሲሸሽ ከሥር የሚወጣውን መሬትና በጥቂት ወራት ተዘርቶ የሚሰበሰበውን እህል አላየም። ነገሩን በዓመቱ ሁሉ ተቀምጠው ያጠኑት በ1961 በካይሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሮበርት ፈርኒ መሪነት የተጀመረው የኑብያ የሕዝብ ጥናት ሠራተኞች ናቸው፤ ጊዜያቸውም አጭር ነበር። በ1963 እና በ1964 ሃምሳ ሺህ ያህል የግብጽ ኑብያውያን ወደ ኮም ኦምቦ ሜዳ ተዛወሩ፤ የዋዲ ሐልፋ ሰዎች ደግሞ ወደ ኀሽም አል ጊርባ፥ ከኢትዮጵያ ደጋ ወደሚወርደው ወደ አትባራ ወንዝ ተወሰዱ።

ታላቁ የአስዋን ግድብ በ1964 ውኃ መያዝ ጀምሮ በ1970 ተፈጸመ። የአቡ ሲምበል ሁለት ቤተ መቅደሶች ከ1964 እስከ 1968 ተቈርጠው ከቀድሞው ስፍራ 65 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ተተከሉ፤ የፊላይ ሕንጻዎችም ወደ አጊልክያ ደሴት ተዛውረው በ1980 ለጎብኚ ተከፈቱ። በአቡ ሲምበል ከጥንቱ የጕብኝት ቀኖች ሁለቱ እስካሁን ሕዝብ ይሰበስባሉ፤ በጥቅምት 12 እና በየካቲት 15 ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ ወደ 60 ሜትር ገብቶ በመጨረሻው ክፍል ከተቀመጡት አራት ምስሎች ሦስቱን ለሃያ ደቂቃ ያህል ያበራል፥ ጵታሕ የተባለው በጨለማ ይቀራል። አስጎብኚዎች አንዱ ቀን የራምሴስ ልደት፥ ሌላው የነገሠበት ነው ይላሉ። ለዚህ ምስክር የሚሆን ጽሑፍ አልተገኘም፤ ነገሩም ራሱን ያፈርሳል። ፀሐይ በአንድ አቅጣጫ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትወጣለች፥ ሁለቱም ቀኖች ቀኑ እጅግ ከሚያጥርበት ከታኅሣሥ 12 ገደማ በእኩል ርቀት ይገኛሉ፤ መሐንዲሱ አንዱን ቀን ከመረጠ ሁለተኛው ሳይመረጥ ይመጣል። የንጉሡ ልደትና ንግሥ በዚህ ልክ ተመዛዝነው መዋላቸው ቢሆን እንኳ ዕድል እንጂ የመሐንዲስ ጥበብ አይሆንም።

አሁን በመስከረም ወደ ሜምኖን ምስሎች ግርጌ የሚደርስ ውኃ የለም፤ ምስሎቹ በሙላት መካከል ቆመው የሚታዩት በቀድሞ ፎቶግራፎች ላይ ብቻ ነው። በአስዋን ፊት ለፊት በኤለፋንቲን ደሴት የዓባይ መለኪያ ደረጃ አለ፤ ስትራቦን ያየውና የጻፈለት ነው። በግድግዳው ላይ የየዘመኑ የሙላት መጠን ምልክቶች ተቀርጸዋል። በቀድሞው ዘመን ዝቅተኞቹን ምልክቶች ማንበብ የፈለገ ውኃው እጅግ በሚጎድልበት በግንቦት፥ በትኵሳቱ መካከል መምጣት ነበረበት፤ ሙላቱ ወደ ላይኞቹ ሲደርስ ለማየት የፈለገም በጳጉሜን። ዛሬ ጎብኚው በፈቀደው ወር ደረጃውን ይወርዳል፤ የኢትዮጵያ ክረምት ገብቶ ሲወጣም ውኃው ከእነዚያ ምልክቶች በታች እንዳለ ይቈያል።